ግብራችን ከማን ግብር ጋር ይመዛዘን?



ባለፈው ስብሰባ ስለ ውኃ መውረጃው ቦይ ልንመክር ተጠርተን ስለ ግብር ተጨቃጭቀን እንደተበተንን የምታስታውሱት ነው። ቦዩ እስከ ዛሬ እንደተደፈነ አለ። እኔ በዚያ ዕለት ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ የሰማሁትን ጻፍኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ዝም ማለቱ አልሆነልኝም። ስለሆነም የሚሰማኝን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ይህ የማኅበሩ አቋም አይደለም፣ የጸሐፊው የግል አስተያየት ነው። የማይስማማ ሰው ወረቀቱን ሳይቀድ መልሱን ጽፎ ከጎኑ ይለጥፍ።

በስብሰባው ላይ የተነሡት አሳቦች ሦስት ነበሩ። አንደኛው፣ «ሞጣ ያሉ ዘመዶቻችን ከእኛ ያነሰ ነው የሚከፍሉት፣ ብቸና ላይ ምን በድለን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን ያነሣው ወጣቱ የኮሌጅ ተማሪያችን ሲሆን፣ «በአሜሪካ የቤት ግብር ሰውን ከቤቱ ያስወጣል፤ እኛ ገና ምን ተነካንና ነው?» አለ። ሦስተኛውን የተናገሩት ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት እናታችን ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ቤቴን አልበላው፣ አልጠጣው። ዋጋው ጨመረ ብትሉኝ ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው?» አሉ። ጉባኤው ሳቀና አለፈው። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ቁም ነገር ያለው ከእርሳቸው ዘንድ ይመስለኛል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንወቅ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ይህን ግብር የመጣል ሥልጣን የማን እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተለይቶ አልተጻፈም ነበር። እንዲህ ያለ ያልተለየ ግብር ሲያጋጥም በአንቀጽ 99 መሠረት የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ። በ2015 ዓ.ም. ተሰብስበው ሥልጣኑ የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ነው አዋጁ የወጣው። አዋጁ ወሰን ያበጃል፤ ለከተማ ቦታ የመጠቀም መብት ከ0.2 በመቶ እስከ 1 በመቶ፣ ለቤትና ለሕንፃ ደግሞ ከ0.1 በመቶ እስከ 1 በመቶ። በዚህ መካከል የት ላይ እንደሚያርፍ መወሰን የየክልሉ ፋንታ ነው። ደግሞም ግብሩ የሚሰላው በቤቱ ሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ ሳይሆን በ25 በመቶው፣ ማለትም በሩቡ ላይ ነው።

ይህን በምሳሌ ልናገር። እንበልና ቤትህ ቢሸጥ 1,000,000 ብር ያወጣል። ሩቡ 250,000 ብር ነው። በዝቅተኛው 0.1 በመቶ ብትመታው 250 ብር በዓመት ይመጣል። በከፍተኛው 1 በመቶ ብትመታው 2,500 ብር ይመጣል። ቦታው ለብቻው ይሰላል። እንግዲህ ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ አዋጅ፣ ልዩነቱ ግን አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠላ ቤት ተቀምጦ «አዲሱ ታክስ ይህን ያህል ነው» እያለ ቁጥር የሚጠራውን ሰው አትመኑት። ባለማወቅ ነው ወይም ሊያስደነግጣችሁ ነው።

እስከ ዛሬ የኖርንበት የቤት ግብር ግን ሌላ ነው። እርሱ የወጣው በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ነው፤ «የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር» ይባላል። ሰዉ ግን የጣራና ግድግዳ ነው የሚለው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቦታው የመንግሥት ሆነ፣ በዓመቱ ደግሞ ይህ ግብር መጣ። የእርሱ ሒሳብ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል የሚል ነው፤ ከዚያ ላይ ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ። መቶኛው ከአዲሱ ይበልጣል፣ ነገር ግን የኪራይ ግምቱ የጥንት ስለሆነ የሚከፈለው ገንዘብ የሻይ ዋጋ ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. መቶኛውን ትታ የኪራይ ግምቱን ብቻ ብታድስ ያገሩ ሰው ክው አለ። መቶኛው አልተነካም፣ ግምቱ ነው የተነካው። ይህን አስምሩበት።

ሌላም አገር እንዲሁ ነው። ናይሮቢ ከተማ ለብዙ ዘመን የመሬት ግብር የምትሰበስበው በፈረንጆች 1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ግምት ነበር። መቶኛው ከግምቱ ሩብና ከዚያ በላይ ነበር። በቅርብ ዓመታት አዲስ ግምት አሠሩና መቶኛውን ወደ 0.115 አወረዱት። ከሩብ ወደ አንድ አሥረኛ መቶኛ! ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ግብሩ ቀረ ብሎ እልል ይላል። ባለቤቶቹ ግን እልል አላሉም፣ የመሬቱ ግምት ሰማይ ወጥቶ ነበርና። እንግዲህ መቶኛን ከመቶኛ ጋር ማወዳደር የአንዱን ቁና ከሌላው እንቅብ ጋር እንደ ማወዳደር ነው፤ መስፈሪያው ካልታወቀ ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ሞጣ ልሂድ። እኔ ሞጣ አካባቢ ተወልጄ ብቸና ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱም ቤቴ ነው። ከስብሰባው በኋላ ሞጣ ለሚኖረው ያጎቴ ልጅ ደወልኩና የቤት ግብር ደረሰኙን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። እኔም የራሴን አወጣሁ። እውነት ነው፣ የእርሱ ከእኔ ያንሳል። ከዚያ ግን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ቦታው ስንት ካሬ ነው? የእኔ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው ቢለኝ ገረመኝ። መንገዱስ? ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መኪና የማያስገባ። የእኔ አስፋልት ዳር ነው። የቦታ ደረጃ ማለት ይኸው ነው። ግድግዳውስ? እርሱ ጭቃ፣ እኔ ከፊሉን ብሎኬት አድርጌዋለሁ። ሰርቪስ አለህ ወይ? አለኝ አለ፣ ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ደረሰኙ ላይ አለ? ዝም አለ። ከዚያ ሣቀ። እንግዲህ «ሞጣ ርካሽ ነው» የተባለው ነገር፣ ግማሹ የቦታ ደረጃ ነው፣ ግማሹ ያልተመዘገቡ ሦስት ክፍሎች ናቸው። እኛስ ሠፈር ያልተመዘገበ ሰርቪስ የለም እንዴ? ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጎረቤቱ አራት ክፍል አከራይቶ ባንድ ክፍል ሲገብር፣ ያችኛዋ ባልቴት ብቻዋን ኖራ በአንድ ክፍል ትገብራለች። የሁለቱ ደረሰኝ እኩል ነው። ይህ ከሞጣና ከብቸና ልዩነት የከፋ ነው።

ወጣቱ ተማሪያችን ስለ አሜሪካ ያነሣው ደግሞ ሐሰት አይደለም። እዚያ ግዛቱ የተለያየ ነው። ኒው ጀርዚ በሚባለው ግዛት የቤት ግብር ከቤቱ ሙሉ ዋጋ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ሐዋይ በሚባለው ደሴት 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይቆረጥም፣ ስለዚህ ቤት ላይ ይጠናከራል፤ ወደ አንድ ተኩል በመቶ። የእኛ አዋጅ ከፍተኛው፣ የሩቡ 1 በመቶ ስለሆነ፣ ከሙሉ ዋጋው ሲታይ 0.25 በመቶ ነው። ዝቅተኛው ደግሞ የዚህ አንድ አሥረኛ። በቁጥር ብቻ ከተባለ ልጁ ረትቶናል፣ እጄን እሰጣለሁ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልጨምርበት። የመጀመሪያው እናታችን የተናገሩት ነው። ቴክሳስ ያለው ሰው ቤቱም ደመወዙም በዚያው ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ የቤት ዋጋ የጨመረው ኪሳችን ስለ ወፈረ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ ሚስማሩም ተከተለ። ስለዚህ እናታችን ከ40 ዓመት በፊት ከባለቤታቸው ጋር በጭቃ ያቆሙት ቤት ዛሬ «ሚሊዮን ያወጣል» ይባላል። እርሳቸው አልሸጡት፣ አላከራዩት። ጡረታቸው ያው ነው። ሚሊዮኑ በገማቹ ወረቀት ላይ እንጂ በእርሳቸው መቀነት ውስጥ የለም። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ገበያው በቀዘቀዘበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ቤቱን በዚያ ዋጋ የሚገዛስ ማነው? ስለዚህ ክልሉ መጠኑን ሲወስን፣ ባለቤቱ ራሱ ብቻ የሚኖርበትን አነስተኛ ቤት ከሚከራየውና ከንግድ ቤቱ ለይቶ በዝቅተኛው ጫፍ ላይ ቢያደርግልን ፍርድ ነው እላለሁ።

ሁለተኛውን ቴክሳስ ያለ አንድ ዘመዴ ነው ያጫወተኝ። እዚያ በየዓመቱ በጸደይ ወራት የቤቱ ግምት በደብዳቤ ለባለቤቱ ይላካል፤ ቤትህን ይህን ያህል ገምተነዋል፣ ካልተስማማህ እስከዚህ ቀን ድረስ ተቃወም ይላል። ተቃውሞ ሰሚ ጉባኤም አለ። ዘመዴ የጎረቤቶቹን ቤት ዋጋ ጽፎ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳውን ፎቶ ይዞ ሄደና አስቀነሰ። የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ትልቁ እጅ ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይመጣለታል። ያማርራል፣ በደንብ ያማርራል፤ ግን ምን እንደ ተገመተበትና የት እንደ ገባ ያውቃል። እኔ የምቀናው በዚህ ነው።

«ጸሐፊው አገሩን ትቶ የሰው አገር ያወራል» እንዳትሉኝ ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ። ጐጃም ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቀዋልና።

በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ሲወጣ ለሸዋ፣ ለአርሲ፣ ለወሎ፣ ለሐረርና ለሌሎችም የታዘዘው በጋሻ ነበር። ለም መሬት ከአሥራቱ ጋር 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር። ጐጃም፣ ትግሬና በጌምድር ግን ከዚህ ወጡ። በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው ልክ ይክፈሉ ተባለ። ይህ በቸርነት የተሰጠ አልነበረም፤ አስቀድሞ በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ላይ ጐጃም እምቢ ብሎ ስለነበር ነው። በጐጃም ርስት ካቅኚው አባት የወረደ ያንድ ዘር እንጂ በቃላድ ተለክቶ ለየሰዉ የተቆረሰ አልነበረም። ግብሩን በጭቃ ሹሙ በኩል ተከፋፍሎ ያዋጣል። ማንም መጥቶ የአንተ እርሻ ይህን ያህል ነው የሚልህ የለም።

እንግዲህ የግብርን ትልቅነት ከሌላ ጋር በማወዳደር ብቻ ከሆነ ሕዝብ የሚከፋው፣ ጐጃም ደስተኛ መሆን ነበረበት። የሸዋና የአርሲ ገበሬ በጋሻ ሲገብር እርሱ በአባቶቹ ልክ ነበር የሚገብረው። ይሁን እንጂ በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከየትም ይልቅ የተነሣው ጐጃም ነው፤ በዚያም ውስጥ ሞጣና ብቸና ከፊት ነበሩ። አዋጁ አሥራትን ይሽራል፤ በምትኩ በሰብሉ ገቢ ላይ እየተገመተ ይከፈል ይላል። በወረቀት ላይ ካየነው ብዙ ገቢ ያለው ብዙ ይክፈል የሚል ነው፣ ነገሩ ክፉ አልነበረም።

አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነበር። አያቴን የጠየቀውን ደጋግሞ ይነግረን ነበር። «አባቴ፣ አሥራት ከሚቀርልን ይህ አይሻልም ወይ?» ቢለው፣ አያቴ፣ «አሥራቱን አውቀዋለሁ። ይኸኛውን የሚያውቀው ገማቹ ብቻ ነው» አለው። ሌላ ንግግር አላስፈለገውም። ሰዉ የፈራው ብሩን አልነበረም፤ ገማች መጥቶ እርሻውን ሲያይ፣ ዛሬ ሰብሉን ቈጥሮ ነገ መሬቱን በቃላድ ይለካና ርስቱ ይሄዳል ብሎ ነው። በሌላው አገር በቃላድ ምን እንደ ሆነ ሰምቷል። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም በሕዝቡ ዘንድ አስቀድሞ የተጠሉ ስለነበሩ ቃላቸውን የሚያምን አልነበረም። ገማቾቹ ተባረሩ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላንም መጥቶ መንደር ደበደበ። አባቴ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይቀንስ ነበርና እኔም አላበዛውም። በመጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፣ የኋላ ውዝፍ ተማረ፣ አዲሱም ግብር በጐጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህን የጻፍኩት ለእምቢታ ላነሣሣ አይደለም፣ ማንም እንዳያጣምምብኝ። የዛሬው ቤት የያንዳንዳችን ነው፣ ካርታ አለው፣ መለካቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማ ያለ ግብር አይቆምም። እኛው ራሳችን ነን መብራት፣ ድንጋይ ንጣፍ፣ ቦይ እያልን የምንጮኸው፤ ማዘጋጃ ቤት ከኪሱ አያወጣውም። ነገር ግን ያያቴን ጥያቄ የያዘ ሰው ዛሬም አለ፤ ገማቹ ማነው? ምን ጻፈብኝ? ለምን አላሳየኝም?

በእኔም ደርሷል። የት መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ከዓመታት በፊት አንድ ለኪ መጥቶ እኔ ቤት ሳልኖር ለክቶ ሄደ። ወረቀቱ ሲመጣ ጓሮ ያለችው የእንጨት ማድቤት «ሰርቪስ ክፍል» ተብላ ተመዝግባለች። ጭስ የጠቈረች፣ በር የሌላት ማድቤት! ላስተካክል ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱ «ለኪው ተዛውሯል» አለኝ፣ ሌላው «ማመልከቻ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። መልስ የለም። በመጨረሻ ሰለቸኝና ለማድቤቷ መክፈል ቀጠልኩ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ያጎቴ ልጅ ሦስት ክፍል አከራይቶ ዝም፣ እኔ ለማድቤት!

በመሆኑም ማኅበራችን «የእነ እገሌ ግብር ያንሳል» እያለ ጊዜውን ከሚፈጅ፣ አዲሱ ግምት ሳይጀመር የሚከተለውን ቢጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የያንዳንዱ መንገድ የቦታ ደረጃ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ ባለመንገዱ ሁሉ አይቶ፣ ጎረቤቱንም አይቶ ይፈርድ። ለኪው ሲመጣ ባለቤቱ ወይም የሠፈር ሰው ይገኝ፣ የተለካው ተጽፎ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ። አቤቱታ የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ቢሮ እንደሚቀመጥ ይነገረን፤ ለኪው ቢዛወር እንኳ ወንበሩ አይዛወርምና። ከሠፈራችን ስንት ብር እንደተሰበሰበና በሠፈራችን ላይ ስንቱ እንደዋለ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ይነበብልን። ሁለተኛው ቁጥር ባዶ ቢሆን እንኳ ይነበብ፤ ባዶ መሆኑን እንወቀው።

ከዚያ በፊት ግን እጃችንን እናጥራ። ያልተመዘገበ ሰርቪስ ያለው ሰው ራሱ ያስመዝግብ። እኛ ክፍል እየደበቅን ማዘጋጃ ቤቱን «ግልጽ ሁን» ብንለው አፍ የለንም። አንዳንድ አባሎች በዚህ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ጸሐፊነቱን ሌላ ሰው ይያዘው፣ ብዕሩን አስረክባለሁ።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በሚመቻችሁ ሰዓት፣ ከማኅበሩ ቤት ደጃፍ ተገኙ። እያንዳንዱ ሰው የካርታውን ቅጂና ያለፉትን ሁለት ዓመታት የቤት ግብር ደረሰኝ ይዞ ይምጣ። የ30 ሜትር ሜትራችን ከእኔ ዘንድ ስላለ ቤት ለቤት እየዞርን እንለካለን፣ እኔም በመዝገብ እይዛለሁ። የምንጀምረው ከእኔ ማድቤት ነው። የእናታችን ቤት ሁለተኛ ይሆናል፣ እርሳቸው እንዳይደክሙ እኛው እንሄዳለን። አካፋ ያላችሁ ደግሞ አካፋ ይዛችሁ ኑ፣ ቦዩ አሁንም እንደተደፈነ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ